ሳልጠይቃቸው የቀየርኩባቸው ክፍል

የክሩዝ ማለትም የመዝናኛ መርከብ ጉዞ በሚሸጥ ቢሮ ውስጥ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለ። ከመርከቡ ድርጅት ነው። አንድ ስዊት፣ ማለትም ሰፋና ወደድ ያለ ክፍል፣ ሳይሸጥ ቀርቷል፣ ከደንበኞቻችሁ መሐል ልዩነቱን ጨምሮ ወደዚያ መዛወር የሚፈልግ ካለ እስከ ማታ አሳውቁን አሉኝ። መርከቡ ሊነሳ 12 ቀን ቀርቶታል።

ወዲያው ትዝ ያሉኝ በዕድሜ ገፋ ያሉ ባልና ሚስት ናቸው። የተጋቡበትን 40ኛ ዓመት ሊያከብሩ ነው የሚሄዱት። የያዙት መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ነበር፤ ዝቅ ያለ ወለል ላይ፣ መርከቡ ወገብ አካባቢ። በረንዳ የለውም። ለ40ኛ ዓመት ይሄ ያንሳቸዋል ብዬ አሰብኩ። እነሱ ግን አንሶናል ብለው አያውቁም።

ለባልየው ደወልኩ። በጣም ደስ አላቸው። «ልጄ፣ ለእሷ እንዳትነግሪያት። እዚያው ስትደርስ ትየው» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ። ኮሚሽን እንዳለው አልደብቅም፣ ግን የዚያን ቀን ከልቤ ጥሩ ነገር ያደረግሁላቸው መስሎኝ ነበር። ክፍያውን በስልክ ጨረስን። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ፋይላቸው ግርጌ ላይ ከአራት ወር በፊት ራሴ የጻፍኩት ማስታወሻ ነበር። «ሚስትየው ማዕበል አይችሉም። መሐል፣ ዝቅ ያለ ወለል። ክፍሉን ራሳቸው ናቸው የመረጡት።» ሳላነበው ፋይሉን ዘጋሁት።

አዲሱ ስዊት የት ነበር? ከላይ፣ መርከቡ ፊት ላይ። በብዙ መርከቦች ላይ ስዊቶች ከፍ ያሉ ወለሎች ላይ ወይም ከፊትና ከኋላ ጫፍ ነው የሚሠሩት፤ እይታው እዚያ ስለሚያምር። ችግሩ ግን መርከብ በማዕበል ላይ ሲሄድ መሐሉን ይዞ ሁለቱ ጫፎቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ወገቡ ላይ ያለ ሰው ብዙም አይሰማውም። ጫፉ ላይ ያለው ግን ይነሳል፣ ይወርዳል። ወደ ላይ ሲኬድ ደግሞ ወደ ጎን የሚወዛወዘውም ይጨምራል። አብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች በጎንና ጎናቸው ማረጋጊያ ክንፍ አላቸው፣ ግን ያ ክንፍ የሚያግዘው የጎን ውዝዋዜውን ነው፤ የፊትና የኋላውን ከፍ ዝቅ ብዙም አያስቆመውም። ይህን ሁሉ ያኔም አውቀው ነበር። ለሌላ ሰው ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ።

ጉዞው ካለቀ ከሳምንት በኋላ ሁለቱም ቢሮ መጡ። ሚስትየው ቦርሳቸውን ከፍተው የክፍሉን ካርድ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ወርቃማ ነው፤ የስዊት እንግዶች ካርድ በቀለም ይለያል። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ክፍሉ ቆንጆ ነው ልጄ» አሉኝ። «መታጠቢያ ገንዳውም እንደዚያው። አንድ ቀን እንኳ ውሃ አልሞላሁበትም።»

የቀረውን ባልየው ነገሩኝ። በሁለተኛው ሌሊት ነፋስ ተነሳ። ሚስትየው አልጋው ላይ መተኛት አቃታቸው፣ ያጥወለውላቸዋል። ብርድ ልብስ ይዘው በሊፍት ወደ ታች ወረዱ፣ መሐለኛው አዳራሽ ውስጥ ካሉት ሶፋዎች አንዱ ላይ ጋደም አሉ። ባልየውም ብቻቸውን ስዊት ውስጥ መተኛት አልሆነላቸውም፣ ተከትለዋቸው ወረዱ። ሦስት ሌሊት እንዲህ አለፈ። የቀድሞው ክፍላቸው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። መርከቡም ሙሉ ነበር፣ መቀየሪያ አልተገኘም። በ40ኛ ዓመታቸው ሁለቱም ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው ያነጉት።

ክው አልኩ። የማደርገው ጠፋኝ። ማስታወሻው ስክሪኔ ላይ ተከፍቶ ነበር፤ አዙሬ አሳየኋቸው። አውቄ ነበር፣ ጽፌውም ነበር፣ አላየሁትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ሚስትየው ጽሑፉን አንብበው ዝም አሉ። ከዚያ «ለእኔ ብትደውዪልኝ እኮ በአንድ ቃል እነግርሽ ነበር» አሉኝ።

ይሄ አረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ ስዊት ልውሰድ ወይስ ልተወው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ስለ ክፍሉ ስፋት አላወራም። የመጀመሪያ ጥያቄዬ አሁን የያዙትን ክፍል ለምን መረጡት የሚል ነው። ሰው አፕግሬድ፣ ማለትም ወደ ተሻለ ክፍል መዛወር፣ ሲባል የሚጨመርለት ነገር ብቻ ነው የሚታየው። ግን የያዝከውን ትለቃለህ። ልጆችህ በጎን ባለው ክፍል ከሆኑ ከእነሱ ትለያለህ። እንቅልፍህ ስስ ሆኖ ላይና ታቹ ሌላ የመኝታ ክፍል የሆነ ቦታ መርጠህ ከነበረ፣ አዲሱ ከመዋኛው ወለል ሥር ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ደግሞ ገና ሳይነጋ ወንበር ሲጎተት ከራስህ በላይ ትሰማዋለህ። በተለይ በጨረታ መልክ የሚመጣውን አፕግሬድ እጠነቀቃለሁ። ይህን ያህል እጨምራለሁ ብለህ ዋጋ ታቀርባለህ፣ ድርጅቱ ከተቀበለህ ገንዘቡ ከባንክ ካርድህ ወዲያው ይቆረጣል፣ ክፍሉን የሚመርጠው ድርጅቱ ነው፣ መመለስም የለም። ዋጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ በሁለት ማባዛት የሚረሳ ሰው አለ። ብቻውን የሚሄድም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሰው ይከፍላል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ መርከቡ ስንት ቀን ባሕር ላይ ይውላል የሚል ነው። ለእኔ ነገሩን የሚወስነው ይሄ ነው። የእነዚያ ባልና ሚስት ጉዞ ሰባት ሌሊት ሆኖ አምስት ወደብ ነበረው። ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ደክሟቸው ይገባሉ። ማዕበል ባይኖር እንኳ ያንን ሰፊ ሳሎን መቼ ሊቀመጡበት ነው? በተቃራኒው ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ወደ ኒውዮርክ አትላንቲክን የሚያቋርጠው ኩዊን ሜሪ 2 የተባለው መርከብ ጉዞ አለ። ብዙ ጊዜ ሰባት ሌሊት ነው፣ በመሐል ወደብ የለም። እዚያ ክፍልህ ቤትህ ነው። ስዊት የያዘ ሰው የራሱ ምግብ ቤት፣ የራሱ ላውንጅ አለው። እንዲህ ላለው ጉዞ ገንዘቡ ያለው ሰው ቢጨምር አልቃወምም።

ከዚያ ስዊት የሚለውን ቃል ራሱን እንፈትሻለን። ስሙ ያታልላል። ብዙ ድርጅቶች ሚኒ ስዊት ወይም ጁኒየር ስዊት የሚሉት ክፍል አለ፤ ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ የበረንዳ ክፍል ነው፣ ሶፋ ይጨመርበታል፣ አንዳንዴም ገንዳ። ቡትለሩ (የክፍሉ የግል አስተናጋጅ)፣ የተለየው ምግብ ቤት፣ ቀድሞ መሳፈሩ ወይ ጨርሶ የለም ወይ የተወሰነው ብቻ ነው ያለው። ሌላው ጫፍ ላይ ደግሞ መርከብ ውስጥ ያለ ሌላ መርከብ የሚሉት ዓይነት አለ። ኤምኤስሲ የተባለው የመርከብ ድርጅት በ2008 ፋንታዚያ በተባለችው መርከቡ የጀመረው ያት ክለብና ኖርዌጂያን የተባለው ሌላ ድርጅት ዘ ሄቨን የሚለው ክፍል እንደዚህ ናቸው። በካርድ የሚከፈት በር፣ የራሱ መዋኛ፣ የራሱ ምግብ ቤት። ግርግር ለማይወድ ሰው እውነተኛ ልዩነት አለው። ሁለቱም ግን በአንድ ቃል ስዊት ይባላሉ። ስለዚህ ደንበኛዬን «ስዊት ነው» ብዬ አልሸጥለትም፣ ምን ምን እንደሚጨምር በጽሑፍ እልክለታለሁ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የዋጋውን ልዩነት በሌሊቶቹ ቁጥር አካፍል። ከዚያ ላይ ስዊቱ ባይኖርም ከኪስህ ትገዛው የነበረውን ቀንስ፤ አንዳንድ ስዊት ኢንተርኔትና መጠጥ ያካትታል፣ ግን የማትጠጣ ከሆነ መጠጡን አትቀንስ። በብዙ ድርጅቶች የስዊት ዕለታዊ ቲፕም ከተራ ክፍል ስለሚበልጥ ብልጫውን ደምር። የቀረውን ቁጥር እያየህ በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ልክፈል ወይ በል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ራሱ ይወስናል፣ እኔ ምንም አልጨምርም።

ስዊት ሁሌ ከንቱ ነው እያልኩ ግን አይደለም። አንዲት ደንበኛዬ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባቷን ይዛ ትሄድ ነበር። ጉዞው እንደ ግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ያሉ ትልቅ መርከብ የማይጠጋባቸው ቦታዎች ነበሩት፤ መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆምና ሰው በትናንሽ ጀልባ ነው የሚወርደው። ጀልባው ወረፋ አለው፣ ሰልፉም ያቆማል። የመረጥንላት ስዊት ያንን ወረፋ የሚያስቀድም ነበር፣ ሲሳፈሩም ሲወርዱም እንደዚያው። ምግብ ቤቱም ከክፍላቸው በዚያው ወለል ነበር። ስትመለስ ስለ ክፍሉ ስፋት ምንም አላለችኝም። «አባቴ አንድም ቀን ቆሞ አልጠበቀም» ነው ያለችኝ። ለእሷ እያንዳንዱ የጨመረችው ሳንቲም ዋጋ ነበረው። ይህን ያወቅኩት ግን አባቷ ስንት ደረጃ መውጣት እንደሚችሉ ስለጠየቅኳት ነው።

ባልና ሚስቱ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው መጡ። እንደሚመጡ አልጠበቅሁም ነበር። የወለሉን ካርታ አትሜ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው፣ ሚስትየው በጣታቸው መሐሉን ነክተው «እዚህ» አሉ። እዚያው ያዝንላቸው። ፋይሉ ላይ ማስታወሻውን በትልቁ ከላይ አደረግሁት፣ ከስማቸው ጎን።

ሊሄዱ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ያው ስልክ ተደወለ። ስዊት አለ፣ የሚዛወር ሰው አላችሁ ወይ? የት ነው ብዬ ጠየቅሁ። መሐል፣ ከእነሱ ክፍል ሁለት ወለል ከፍ ብሎ። አራት ቀን ባሕር ላይ የሚዋልበት ጉዞ ነበር። ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ለሚስትየው ደወልኩ። ቦታውን፣ ልዩነቱ በሌሊት ስንት እንደሚመጣና አሁን የያዙት ክፍል እንደሚለቀቅ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ካርታውን ላክሽልኝ?» አሉኝ።

ልኬዋለሁ አልኳቸው።

«እንግዲያው አትዝጊው፣ መነጽሬን ላምጣ።»