ችክችካን ሳይሰብሩ መቁረጥ

የሂፕ ሆፕ ቢት (የራፕ ማጀቢያ ሙዚቃ) ሠሪ ከድሮ ሸክላ ላይ ሁለት ሰከንድ ሲቆርጥ ከዜማው ጋር ብዙ ነገር አብሮ ይመጣለታል። የድራም መቺው እጅ አለበት፤ ማይክራፎኑ የቆመበት ርቀት አለበት፤ ባንዱ በዚያን ዕለት የተቃኘበት ከፍታና ካሴቱ የተገለበጠበት ማጫወቻ ፍጥነት ጭምር አለበት። ቢቱ የሚያምረውም የሚበላሸውም በእነዚህ ነው። ይህን የምጽፈው ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 70ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጸውን ሙዚቃ ሳምፕል ለሚያደርጉ፣ ማለትም ቆርጠው በአዲስ ሥራ ውስጥ ለሚያስገቡ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከፈንክ (የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ ሙዚቃ) ሸክላ ለመቁረጥ የተፈጠረው ዘዴ ለችክችካ ምት እንዳለ አይሠራም።

ዘዴው የተወለደው ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ነው። በኦገስት 1973 በ1520 ሴጅዊክ አቬኑ በተደረገው ድግስ ስሙ የሚነሳው ዲጄ ኩል ሄርክ፣ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጨፍረው ዘፋኙ ዝም ብሎ ድራሙ ብቻውን ሲቀር መሆኑን ልብ አለ። ስለዚህ አንዱን ሸክላ በሁለት ቅጂ ይዞ፣ ያቺን አጭር ቦታ ከአንዱ ማጫወቻ ወደ ሌላው እየመለሰ ያስረዝማት ጀመር። በኋላ ሳምፕለር (ድምፅ ቆርጦ ይዞ መልሶ የሚያጫውት ማሽን) ሲመጣ የእጅ ሥራው ወደ ማሽን ገባ። በ1987 የወጣው ኢ-ሙ ኤስፒ-1200 የተባለው ሳምፕለር በጠቅላላው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ይይዝ ነበር፤ ጥራቱም 12 ቢት (ይህ የዲጂታል ድምፅ መለኪያ ነው እንጂ ምት አይደለም)፣ 26 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነበር። ቦታ ለመቆጠብ ባለ 33 ዙር ሸክላ በ45 ዙር እያጫወቱ ይቀዱና ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያወርዱታል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከ33 ከሲሶ ወደ 45 ሲኬድ ፍጥነቱ 1.35 እጥፍ ይሆናል፣ ድምፁ ደግሞ 5.2 ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ያህል ይወጣል፤ ስለዚህ ያንኑ ያህል ይወርዳል። በዚህ መውጣትና መውረድ መሃል የሚፈጠረው ሸካራነት የዘመኑ የሂፕ ሆፕ ድምፅ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ብዙ ሺህ ብር አውጥቶ ያን ሸካራነት በሶፍትዌር የሚገዛ ሰው ሞልቷል። መነሻው ግን የማሽኑ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ቦታ እጥረት ነበር።

ከዚያ ዘመን ድራሞች ሁለቱ በእጅጉ ተቆርጠዋል። አንደኛው ክላይድ ስተብልፊልድ በፈንክ ዘፋኙ ጄምስ ብራውን «ፈንኪ ድራመር» ላይ የመታው ነው። ሁለተኛው ግሪጎሪ ኮልማን በ1969 በዊንስተንስ ባንድ «ኤመን ብራዘር» ላይ የመታው አራት ባር (የምቶች አንድ ዙር) ነው፤ ከሰባት ሰከንድ አይበልጥም። ኮልማን በ2006 ሲሞት ከዚያ ሁሉ ሥራ ያገኘው ክፍያ አልነበረም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ስለ ክፍያና ስለ ስም ከታች የምለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ መንገዱ የዞረ ነው። የጄምስ ብራውን ሸክላ እዚህ ደርሶ ነበር። አለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሬከርድስ መጀመሪያ የታተመውም የእሱ ሸክላ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምሮ፣ ኒውዮርክ ውስጥ በ1966 የላቲን ጃዝ ቀርጾ፣ ቫይብራፎኑን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ስለዚህ በ2009 ኦ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ ቢት ሠሪ «ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም» የተሰኘውን አልበም ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ቆርጦ ሲሠራ፣ በ2010 ደግሞ ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኢንተር»ን በሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ላይ ሲያቆሙ፣ ፈንኩ ወደ ቤቱ ተመልሷል ማለት ይቻላል። ሆኖም ሲመለስ እንደሄደ አልነበረም፤ ቅኝትና ችክችካ ተጨምሮበታል። ሳምፕል አድራጊውን የሚያስቸግረውም ይኸው ተጨማሪ ነው።

መጀመሪያ የምቱን ጉዳይ ላንሳ፤ ብዙ ቢት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነውና። ችክችካ ሁለት ዋና ምት አለው፤ እያንዳንዱ በሦስት ይከፈላል። የቢት ማሽኑ ፍርግርግ ደግሞ ሲከፍቱት እያንዳንዱን ምት በአራት ከፍሎ ይጠብቃል። ዋናው ምት በደቂቃ 100 ቢሆን አንዱ ምት 600 ሚሊሰከንድ ነው። የችክችካው ንዑስ ምቶች በ200 እና በ400 ይወድቃሉ፤ የማሽኑ ቦታዎች ግን 150፣ 300 እና 450 ናቸው። ኳንታይዝ ሲደረግ፣ ማለትም ማሽኑ ምቶቹን ወደ ቅርብ ቦታው ሲጎትት፣ የ200ው ወደ 150 ይፈጥናል፣ የ400ው ወደ 450 ይዘገያል። 50 ሚሊሰከንድ ጆሮ በደንብ የሚሰማው ልዩነት ነው። እስክስታ የሚያስወርደው ምት የሰልፍ ከበሮ ይሆናል፤ ሠሪውም «ሳምፕሉ አልተስማማኝም» ብሎ ይጥለዋል። ሳምፕሉ ምንም አላጠፋም።

መፍትሔው ፍርግርጉን ወደ 1/8 ትሪፕሌት፣ ምቱን በሦስት ወደሚከፍለው፣ መቀየር ነው። በኤምፒሲ (የታወቀው የቢት ማሽን) «ታይሚንግ ኮሬክት» የሚባለው ላይ ይገኛል፤ በሌሎቹም ሶፍትዌሮች አለ። ስዊንግን (ሁለተኛውን ንዑስ ምት የሚያዘገየውን ማስተካከያ) 66 ላይ ማድረግ ግማሽ መፍትሔ ብቻ ነው። በስምንተኛ ኖታ (በግማሽ ምት) ላይ ከተደረገ የ400ውን ቦታ ያገኘዋል፣ የ200ውን ግን አይደርስበትም። ከዚያ ሁለት የችክችካ ባር እንደ አንድ የሂፕ ሆፕ ባር ይቆጠራል፦ አራት ዋና ምት፣ አሥራ ሁለት ንዑስ ምት። ኪኩን (በእግር የሚመታውን ወፍራም ከበሮ) አንደኛው ላይ፣ ስኔሩን (ስል ድምፅ ያለውን ከበሮ) ሁለተኛውና አራተኛው ላይ አስቀምጡ። ዘፈኑ ፈጣን ከሆነ፣ ለምሳሌ 140፣ እንደ 70 ቁጠሩትና ስኔሩን በሦስተኛው ዋና ምት ላይ ብቻ ጣሉት። ራፐሩ በአሥራ ሁለቱ ውስጥ እንደልቡ ይራመዳል። በአማርኛ ለሚራፕ ሰው ይህ አከፋፈል ምቹ ይመስለኛል፤ ሕዝቡ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያጨበጨበበት ስለሆነ።

ቀጥሎ የሉፑ (እየተደጋገመ የሚዞረው ቁራጭ) ርዝመት። ባለ አራት ምት አንድ ባር ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ለማወቅ 240ን ለፍጥነቱ ማካፈል ነው፤ ከርዝመቱ ተነስቶ ፍጥነቱን ለማግኘትም 240ን ለርዝመቱ። 2.58 ሰከንድ የሆነ ባር በደቂቃ 93 ምት ገደማ ነው። የዚያ ዘመን ባንድ ግን ሜትሮኖም በጆሮው ይዞ አልተቀረጸም። አራተኛው ባር 2.53 ሰከንድ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ወደ 95 የተጠጋ ነው። አራቱን ባር እንዳለ ሉፕ አድርጎ የራስን ድራም ከላይ የጫነ ሰው፣ መጀመሪያ ላይ የተገጣጠሙት ሁለት ኪኮች እየተለያዩ ሲሄዱ ይሰማል። በሶፍትዌር መለጠጥ ይቻላል፣ ግን የሲምባሉን ጫፍና የሳክስፎኑን ትንፋሽ ያቆሽሻል። የምመርጠው እያንዳንዱን ዋና ምት ለየብቻ ቆርጦ በፓድ (በማሽኑ መምቻ ቁልፍ) ላይ ማድረግና መልሶ መጫወት ነው። ስትቆርጡ ሞገዱ ዜሮውን በሚያቋርጥበት ቦታ ይሁን፤ በሁለቱም ጫፍ ከ2 እስከ 5 ሚሊሰከንድ ፌድ (ድምፁን ቀስ አድርጎ ማስገባትና ማስወጣት) ጨምሩ። ያለዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ ሲነሳ «ጠቅ» ይላል፣ ያንንም ብዙ ሰው የሸክላው ጭረት ይመስለዋል።

የራስን ኪክ በድሮው ኪክ ላይ ሲደርቡ ሁለት ነገር ይበላሻል። በ20 ሚሊሰከንድ ከተራራቁ ድርብ ምት ይሰማል። በጣም ቢቀራረቡም ሞገዳቸው ተቃራኒ ከሆነ እርስ በርስ ተጣፍተው ሁለቱም ይቀጥናሉ። የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጦ መስማት ነው፤ ቤዙ ከወፈረ እንደተገለበጠ ይቆይ። ድራም መቺው ጥሩ ሆኖ ሳለ ግን ከላዩ መጫን ለምን ያስፈልጋል? የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ያፈራቸው ድራም መቺዎች ጨዋታቸው ጥርት ያለ ነው። ብዙ ጊዜ ከእነሱ በታች አንድ ለስላሳ ኪክ ማስገባት ይበቃል።

አሁን ስለ ቅኝት። አሜሪካዊውም ሐበሻውም ሠሪ እኩል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው አሠራር ሳምፕሉን ቆርጦ ከበታቹ ቤዝ መጨመር ነው፤ ቤዙም ዶንና ሶልን እየተመላለሰ ይጫወታል። ለትዝታ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ይህ ያስኬዳል፤ ለባቲም ችግር የለውም፣ ሶል አለበትና። አምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው) ሶል አለው፤ ሚ ግን በምንም መልኩ የለውም። ስለዚህ ከሥሩ ሜጀርም ሆነ ማይነር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ያስቀመጠ ሰው ቅኝቱ ሆን ብሎ የተወውን ድምፅ እያስገባበት ነው፤ ያ ተንጠልጥሎ የነበረ ስሜት ወዲያው ይወርዳል። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ሙሉ ሶል በውስጡ የለም። የተለመደው የዶና የሶል ቤዝ ከሶል ፍላቱ ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጫል፣ ሠሪውም የት እንደተጣላ ሳይገባው ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል። ለአንቺሆዬ ቤዙን በዶና በፋ ላይ አቁሙት፤ ካልሆነ ዶ ላይ ብቻ ይቆይ። ኮርድ የሚባለውን ነገር ጭራሽ ተዉት።

ከፍታውም አለ። አምሃ፣ ፊሊፕስና ካይፋ የተባሉት አሳታሚዎች ባወጧቸው ሸክላዎች ላይ ያሉት ባንዶች ሁልጊዜ ዛሬ በምንጠቀምበት የ440 መቃኛ (ላ በ440 ኸርዝ የሚቃኝበት) ላይ አይደሉም። ካሴት ሲሆን ይብሳል። በግልበጣው ጊዜ የሚያጫውተው ማሽን በ1.75 በመቶ ቢፈጥን ድምፁ 30 ሴንት ይወጣል፤ ማለትም የአንድ ሰሚቶን ሲሶ ገደማ። በዚያ ላይ ኪቦርድ ሲጨመር ሁሉም ትክክለኛ ኖታ እየመታ ሁሉም የተሳሳተ ይመስላል። ከሳምፕሉ አንድ ረጅም ኖታ፣ የኦርጋን ወይም የሳክስፎን፣ ለይታችሁ መቃኛ ላይ አንብቡ፤ ከዚያ የእናንተን ቤዝና ኪቦርድ ወደ እሱ አምጡ። ሳምፕሉን ወደ 440 መጎተትም ይቻላል፣ ግን ፍጥነቱን ወይም የድምፁን ቀለም ይነካል። አዲሱ ለአሮጌው ቢቃኝ ይሻላል።

ስለ ማጥራት ብዙ አልልም። ከሳምፕሉ ከ100 እስከ 150 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቆርጦ ለአዲሱ ቤዝ ቦታ መልቀቅ የታወቀ ነው። የድሮውን ቤዝ ለብቻው ከፈለጋችሁ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ከ200 ኸርዝ በላይ ያለውን ዝጉት። ብዙዎቹ ትንንሽ ሸክላዎች ሞኖ ስለሆኑ ከግራና ከቀኝ ለይቶ ማውጣት አይሞከርም። ድምፆችን የሚነጣጥሉት አዳዲስ ሶፍትዌሮች ይረዳሉ፤ ነገር ግን በብዛት የሠለጠኑት በምዕራቡ ፖፕ ስለሆነ ማሲንቆን ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ሲያደባልቁት ይታያል። ጭረቱንም በልክ አጥሩት። ጫጫታ ማጥፊያውን አብዝታችሁ ስትጠቀሙ አብሮ የሚሄደው የክራሩ ጥርት ያለ ጫፍ ነው። የዘፋኝ ድምፅ ከቆረጣችሁ ደግሞ ስንኙን ሙሉውን ስሙ፤ በግማሽ ቃል ላይ የሚዞር ሉፕ አማርኛ ለሚሰማ ጆሮ ስቃይ ነው።

የመብቱ ነገር። በዲሴምበር 1991 የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት በራፐሩ ቢዝ ማርኪ ላይ ከፈረደ ወዲህ ያለፈቃድ ሳምፕል ማድረግ አሜሪካ ውስጥ ውድ ስህተት ሆኗል። ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ፦ የድርሰቱና የቀረጻው። ቁራጩን ራሱን ከተጠቀማችሁ ሁለቱንም ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ዜማውን በራሳችሁ ሙዚቀኞች ካስጫወታችሁ የድርሰቱ ብቻ ይበቃል። ይህ ሁለተኛው መንገድ ለእኛ ልጆች ቅርብ ነው፤ ማሲንቆ ተጫዋች ጠርቶ ያንኑ ሐረግ በሚፈልጉት ፍጥነትና ከፍታ ማስቀረጽ ይቻላል። በኢትዮጵያ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ «የድሮ ዘፈን ነው፣ ባለቤት የለውም» የሚባለው ንግግር ልክ አይደለም። ሕዝባዊ ዜማ ቢሆን እንኳ ቅንብሩ የአንድ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል።

ሥራው ሲወጣ ስሞቹ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ ሸክላው ላይ የሚነበበው የዘፋኙና የባንዱ ስም ብቻ ነው። ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን የሠራው ሦስት የተለያየ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ሳምፕል የሚደረገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአቀናባሪው ሥራ ነው፦ ያቺ የነፋስ መሣሪያ ጥሪ፣ ያቺ የኦርጋን መልስ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የወጡት የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች መግለጫ ለዚህ ጥሩ መነሻ ናቸው፤ አራተኛው የሙላቱ ነው። ከዚያ በኋላ በሕይወት ያሉትን የባንዱን ሰዎች ወይም ቤተሰባቸውን መጠየቅ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቀኛ ሙዚቀኛን ያውቃል። የቁራጩን መነሻ ደቂቃና ሰከንድ፣ የሸክላውን ቁጥር፣ ያወጣችሁበትን ወይም ያወረዳችሁበትን መጠን ከፕሮጀክቱ ፋይል ጋር አስቀምጡ። ፈቃድ ስትጠይቁ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።