ጥቁር ታዳጊዎችን በዘይት ቀለም ስስል የተማርኳቸው ነገሮች

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሚጠይቀኝ የቆዳውን ቀለም እንዴት እንደማወጣው ነው፣ ስለዚ ከሱ ልጀምርና ወደ ከባዱ እሄዳለሁ፣ ከባዱ ቀለም አደለም፣ ልጁ ራሱ ነው። ለማያውቀኝ ሰው ባጭሩ፦ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምኖረው፣ በዘይት ቀለም ነው ምሰራው፣ ላለፉት ጥቂት አመታት ደሞ ከ13 እስከ 19 አመት ያሉ ጥቁር ልጆችን ብቻ ነው ስስል የነበረው። ግማሾቹ እዚ የተወለዱ የሀበሻ ልጆች ናቸው፣ የቀሩት የአፍሪካን አሜሪካን ጎረቤቶቼ ልጆች፣ ከካሪቢያን ቤተሰብ የመጡም አሉ።

ለቆዳ ከቱቦ የወጣ ጥቁር አልነካም። በርንት አምበር የሚባለው ጠቆር ያለ ቡናማና አልትራማሪን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ሲደባለቁ ጥልቀት ያለው ጥቁር ይወጣል፣ አምበሩን ስታበዙት ይሞቃል፣ ብሉውን ስታበዙት ይቀዘቅዛል፣ ፊት ላይ ደሞ ሁለቱም አለ። ጆሮ ከጀርባው ብርሃን ሲመታው ደም ደም ስለሚል እዛ ጋ አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለውን ቀይ ጠብ አደርጋለሁ። ዋናው ጉዳይ ግን ነጩ ነው። ታይታኒየም ዋይትን ቡናማ ውስጥ ስትጨምሩ ቀለሙ አይፈካም፣ ያመዳል፣ ልጁ ታጥቦ ቅባት ሳይቀባ የወጣ ይመስላል። ስለዚ ማፍካት ስፈልግ በቢጫዎቹ በየሎ ኦከርና በኔፕልስ የሎ፣ አንዳንዴም በትንሽ ካድሚየም ኦሬንጅ፣ ማለት በብርቱካናማ ነው፣ ነጩን ለመጨረሻዋ ነፀብራቅ ብቻ አቆየዋለሁ፣ እሷም ብትሆን ንፁህ ነጭ አደለችም። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ያለ ነፀብራቅ ሚይዘው የብርሃኑን ቀለም ነው፣ በመስኮት ሚገባ የቀን ብርሃን ከሆነ ግንባሩ ላይ ያለችው ነጥብ የምር ሰማያዊ ናት፣ ድፈሩና ሰማያዊ አድርጓት፣ ራቅ ብላችሁ ስታዩት ወዝ ሆና ትገኛለች።

በዚ ሁሉም ሰው አይስማማም ደሞ። በፈረንጆቹ 1955 አላባማ በርሚንግሃም የተወለደው ሰዓሊ ኬሪ ጄምስ ማርሻል ሰዎቹን ድፍን ጥቁር ነው ሚያደርጋቸው፣ ግን አይቮሪ ብላክ፣ ካርበን ብላክና ማርስ ብላክ የሚባሉትን የጥቁር አይነቶች እየለያየ ሌላ ቀለምም እያስገባባቸው ስለሚሰራ በጥቁሩ ውስጥ አፍንጫውም ከንፈሩም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰዓሊዋ ኤሚ ሼራልድ ደሞ ቆዳውን በሙሉ ግራጫ ታደርገውና ቀለሙን ለልብሱና ለጀርባው፣ ማለት ከሰውየው ኋላ ላለው ቦታ፣ ትተዋለች፣ በ2018 የተመረቀው የሚሼል ኦባማ ፖርትሬት እንደዛ ነው የተሰራው። እኔ እንደገባኝ ተመልካቹ ከቆዳው በፊት ሰውየውን እንዲያይ ነው፣ ጎበዝ መላ ነው፣ በጣምም እወደዋለሁ።

ግን ለኔ አልሆነም፣ ምክንያቱ ደሞ እኛው ነን። እኛ ሀበሾች ሰው ስናስተዋውቅ እንኳ ቀይ ናት፣ የቀይ ዳማ ነው፣ ጠይም ናት እያልን መልኩን ደረጃ እናስይዘዋለን፣ እዚ አሜሪካ መጥተንም አልተውነውም። አንድ እናት የልጇን ሥዕል ጀምሬው አይታ "ወንድሜ፣ ትንሽ ቀላ አርጋት እንጂ" አለችኝ፣ ልጅቷ እዛው ቁጭ ብላ እየሰማች። ምንም አልመለስኩም፣ ቀለም መደባለቂያ ፓሌቴን ይዤ ልጅቷ ጋ ሄድኩና ክንድሽን አምጪው አልኳት፣ ከክንዷ ጎን እያስጠጋሁ አብረን ደባለቅን፣ "አይ ይሄ ቀይ በዛበት፣ ትንሽ ብሉ ጨምር" እያለች ራሷ መራችኝ። ሲገጥም እናትየውም ዝም አለች። ከዛ ወዲህ ማንም ልጅ ከመቀመጡ በፊት መጀመሪያ ምናደርገው ይሄ ነው፣ ክንዱን ያመጣል፣ ቀለሙን አብረን እናወጣለን። ጊዜ ይፈጃል ግን ልጁ ሥዕሉ ውስጥ የገባው በዛች ሰዓት ነው፣ ከዛ በኋላ ፖዝ አድርግ ቀና በል ምናምን ማለት አያስፈልግም።

ፎቶም እጠቀማለሁ፣ ታዳጊ ልጅ ለሰዓታት አይቀመጥላችሁማ። ሰዓሊው ባርክሊ ሄንድሪክስም ካሜራ አንጠልጥሎ ነበር ሚዞረው፣ ነውር የለውም። ግን ካሜራ ለጥቁር ቆዳ ገለልተኛ እንዳይመስላችሁ። ድሮ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፣ የሷ ቆዳ ካማረ ትክክል ነው ይባላል፣ ጠቆር ያለ ሰው ግን ጥርስና አይን ብቻ ይቀራል። የዛሬ ስልክ በጣም ተሻሽሏል፣ ቢሆንም ገና ፊቱን ሲያገኝ ብርሃኑን ራሱ ከፍ አድርጎ ጥላውን ይበላዋል። እኔ ማደርገው ፊቱ ላይ ነክቼ ብርሃኑን ሎክ አደርግና በጣቴ ወደታች ትንሽ እቀንሰዋለሁ፣ የማሳመሪያ ፊልተሩን አጠፋለሁ፣ ከኋላው ነጭ ግድግዳ እንዳይኖር አደርጋለሁ። ፎቶው ለቅርፅና ለልብስ እጥፋት ነው፣ ለቀለም ግን ከክንዱ ጋር ያወጣነውን ብቻ ነው ማምነው።

አሁን ከባዱ። ጥቁር ልጅ ስትስሉ ሥዕሉ ላይ ከልጁ በፊት የተቀመጡ ሰዎች አሉ፣ ዜናው አለ፣ የናቱ ፍርሃት አለ፣ ገዢው ማየት ሚፈልገው አለ። አንዱ ምስኪን እንዲሆን ይፈልጋል ሌላው ጀግና፣ ልጁ ግን 15 አመቱ ነው፣ ርቦታል፣ ስልኩ እየጮኸ ነው። አንድ የሀበሻ ልጅ ነበር፣ በሁዲ (ኮፍያ ባለው ሹራብ) ነው መሳል ምፈልገው አለ፣ ፀጉሩን ትዊስት አድርጎታል። እናቱ አበደች። "ሱፍ እያለው! የምረቃ ጋዋኑ እያለ! እንዲህ ሆኖ ማን ይየው?" እኔ መጀመሪያ የሰው አይን ፈርታ መስሎኝ ነበር፣ ስንጨዋወት ግን ሌላ ነገር መጣ። ልጇን ባረገዘችበት ሰሞን ነው ጥቁሩ ታዳጊ ትሬይቮን ማርቲን የተገደለው፣ በፈረንጆቹ 2012 ፍሎሪዳ ሳንፎርድ፣ 17 አመቱ ነበር፣ መሳሪያ የለውም፣ ሁዲ ለብሷል። ልጄ ቤት ውስጥ ሀበሻ ነው፣ በር ላይ ሲወጣ ግን ማንም አባትህ ከየት ነው ብሎ አይጠይቀውም፣ ጥቁር ነው በቃ፣ አለች። ልጁ ደሞ ይሄን ሁሉ እየሰማ "ማሚ ቢሆንም ልብሴ ነው" አላት፣ ተከባብረው ግን ማንም አልለቀቀም።

እኔ ዳኛ አልሆንኩም። ልብሱን ልጁ ይመርጣል ብዬ ከመጀመሪያው የተናገርኩት ነገር ስለሆነ በሱ ፀናሁ፣ ለናትየው ግን ሚቀመጥበትን ወንበርና ቦታ አንቺ ምረጪ አልኳት። በሚቀጥለው ሲመጡ ሁዲውን ተኩሳው መጥታለች! ሁዲ ተተኩሶ አይቼ አላውቅም፣ እጅጌው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ወጥቶለታል። መስመሩን እንዳለ ሳልኩት፣ አሁን ሰው ሥዕሉን ሲያይ መጀመሪያ እሱን ነው ሚጠይቀኝ። የሁለቱንም ክርክር አንድ የልብስ መስመር ያዘልኝ፣ እኔ ልፈጥረው ብል አላስበውም ነበር።

ከዚ ጋር ሚሄድ አንድ ቴክኒካል ነገር አለ። በ2017 የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ባወጣው ጥናት አዋቂዎች ከ5 እስከ 14 አመት ያሉ ጥቁር ልጃገረዶችን ከነጭ እኩዮቻቸው የበለጠ ትልቅ፣ ጥበቃና እንክብካቤም ያነሰ ሚያስፈልጋቸው አድርገው እንደሚያዩ ተገኝቷል። ሰዓሊ ደሞ ሳያውቀው ይሄንኑ ሊሰራ ይችላል፣ ከታች ወደላይ ስታዩት አገጩ ይገዝፋል፣ ትከሻው ይሰፋል፣ የ14 አመት ልጅ 25 ይሆናል። ሰዓሊው ኬሂንዴ ዋይሊ ከድሮ የነገስታት ሥዕል የወሰደው ያ ግርማ ሞገስ ለአዋቂ ያምራል፣ ለኔ ልጆች ግን አይኔን ከአይናቸው ጋር እኩል ነው ማስቀምጠው፣ እነሱ ከተቀመጡ እኔም ዝቅ ያለ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አንገትና የእጅ አንጓ ላይም እጠነቀቃለሁ፣ ልጅነት በብዛት ሚታየው እዛ ነው፣ ቀጭኑን አንጓ ካወፈራችሁት ልጁ ጠፋ።

ለሥዕሉ ጀርባም ቢሆን ዋይሊ የባራክ ኦባማን ፖርትሬት ሲሰራ አበቦቹን በትርጉም ነው የመረጣቸው፣ ክሪሳንተመሙ ለቺካጎ፣ ጃስሚኑ ለሃዋይ፣ የአፍሪካ ብሉ ሊሊዋ ለኬንያ። ለፕሬዚደንት ይሄዳል፣ የኖረ ታሪክ አለውና። የ16 አመት ልጅ ጀርባ ላይ ግን ባንዲራ፣ መስቀል፣ ካርታ ስትደረድሩ ገና ያልኖረውን ልትነግሩለት ነው። እኔ የወሰድኩት የሄንድሪክስን ነው፣ ጀርባውን በአክሪሊክ (በውሃ ሚቀጥን ቀለም) ዝርግ አንድ ቀለም፣ ሰውየውን በዘይት፣ አንዱ ድብዝዝ አንዱ ወዛም ስለሚሆን ሰውየው ወደፊት ይወጣል። ሥርዓቱን ግን ጠብቁ፣ አክሪሊኩ በሸራው ላይ መጀመሪያ ይደረጋል፣ ዘይቱ በላዩ ይሄዳል፣ በዘይት ላይ አክሪሊክ ከደረባችሁ ይላጣል።

ጠቆር ያለ ሥዕል ሲደርቅ ሌላ ጣጣ አለው፣ በተለይ አምበር ዘይቱን ወደታች ስለሚያስመጠው የጨለመው ቦታ በድንገት ግራጫና ድብዝዝ ይላል፣ ቀለሙ የተበላሸ ይመስላችሁና ትደርቡበታላችሁ፣ አትደርቡበት! ሲደርቅ ትንሽ የሊንሲድ (የተልባ) ዘይት በሶልቬንት፣ ማለት በቀለም ማቅጠኛ፣ አቅጥናችሁ በስሱ ቀቡትና ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ፣ ጥልቀቱ ይመለሳል። ኤግዚቢሽን ላይ ደሞ መብራቱን ቀጥታ ፊት ለፊት ካደረጉት ጥቁሩ መስታወት ሆኖ ተመልካቹ የራሱን ፊት ነው ሚያየው፣ ከላይ ጋደል ብሎ እንዲመጣ አስተካክሉልኝ በሉ፣ እምቢ ካሉ ራሳችሁ መሰላል ላይ ውጡ።

ስለ ገንዘቡ ማንም ስለማያወራ ትንሽ ልበል። የጥቁር ሰው ፖርትሬት በ2020 ግድም ገበያው ጦፎ ነበር፣ የጋናዊው አሞአኮ ቦአፎ አንድ ሥዕል በፌብሩዋሪ 2020 ለንደን ጨረታ ላይ 675 ሺህ ፓውንድ ወጥቷል፣ የተገመተው ከ30 እስከ 50 ሺህ ነበር። እሱ እኮ ቆዳውን በጣቱ ነው ሚስለው፣ ያ የጣት አሻራ ያለበት ፊት እንደ አክሲዮን ለትርፍ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። እዚ አሜሪካ ደሞ ሥዕሉ እንደገና ሲሸጥ ለሰዓሊው ድርሻ ሚሰጥ የፌዴራል ሕግ የለም። ስለዚ እኔ ስሸጥ ውል አለኝ፣ ገዢው መልሶ መሸጥ ከፈለገ መጀመሪያ ለኔ ያሳውቃል። ከልጁ ጋርም ሌላ ውል አለኝ፣ ከ18 በታች ከሆነ ወላጅ ይፈርማል፣ ልጁም ግን ለብቻው "እሺ" ማለት አለበት፣ ለተቀመጠበት ሰዓት እከፍለዋለሁ፣ ጥሩ ፕሪንት ይወስዳል፣ ኢንስታግራም ላይ አይውጣ ካለ አይወጣም። አንዷ አይውጣ ብላኛለች፣ ከሰራኋቸው ሁሉ ምርጡ እሱ ነው፣ በቃ ማንም አያየውም ምን ላድርግ።

አሁን የጀመርኩት እህትና ወንድም ባንድ ሸራ ላይ ነው። እሷ ጠይም እሱ በጣም ጥቁር፣ አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ የሷ ፊት የሱን ያጨልመዋል፣ የሱ የሷን ያገረጣዋል፣ ስለዚ መስኮቱን በሱ በኩል አድርጌዋለሁ፣ ከመሃላቸውም ዝገት መሳይ ቀይ ቀለም ያለው ሶፋ ገብቷል። እሱ መሃል ላይ መሆን ነበረብኝ ይላል፣ እሷ ደሞ ቁመቴን አሳጥረኸዋል ትላለች፣ ክርክሩ አላለቀም።