ታቦርን ከእህቴ ልጅ ጋር

ባለፈው ቅዳሜ ፀሐይ ሳትበረታ ከእህቴ ልጅ ጋር ታቦር ተራራን ወጣን። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሐዋሳ ተወልዶ እስካሁን ታቦርን ሳይወጣ መቆየቱ ቆጭቶኛል፤ እኔን አባቴ የወሰደኝ በሰባት ዓመቴ ነበር።

አናቱ ላይ ደርሰን ትንፋሻችን ሲመለስ አባቴ ባሳየኝ ቅደም ተከተል አሳየሁት። መጀመሪያ ሐይቁን፣ ቀጥሎ ከተማውንና የቅዱስ ገብርኤልን ጉልላት፣ ከዚያ አላሙራ ተራራን፣ በስተምሥራቅ ደግሞ የወንዶ ገነትን ተራሮች። ሐዋሳ ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ስሟ ግን ከሲዳምኛ የመጣ ሲሆን ሰፊ ውሃ ማለት ነው። የተራራው ስም የወንጌሉ ታቦር ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ጅራፍ የሚያጮኸው ልጅ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ።

«ውሃው በየት ይወጣል?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ሐይቁም ከተማውም ያሉት ከብዙ ዘመን በፊት ፈንድቶ በሰመጠ ትልቅ እሳተ ገሞራ ሆድ ውስጥ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ብዙውን ጊዜ ይጨዋል፤ የእኛ ግን ከሥር ወደ መሬት ስለሚሰርግ ያን ያህል አልጨየም። ውሃው ይሰርጋል፤ አፈሩና ፕላስቲኩ ግን የትም አይሄዱም። ከታቦር ገላ ዝናብ ጠርጎ የሚያወርደው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ስንወርድ ጎርፍ በቦረቦረው ቦይ ውስጥ የውሃ ፕላስቲኮች አየን። አንዱ እስከ አንገቱ ደለል ሞልቶት፣ በደለሉ ላይ ሣር በቅሎ ነበር። ልጁ ጎትቶ አወጣው። ያገኘነውን ሁሉ በነጠላዬ ቋጠርን፤ አሥራ አንድ ሆኑ።

ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ስንደርስ ጀልባዎቹ ገብተዋል። አንዲት ሴት ቆሮሶ ዓሣ ትልጣለች፤ ቢላዋዋ ከጅራት ወደ ራስ ሲሄድ ቅርፊቱ ክንዷ ላይ እየተለጠፈ ያብለጨልጫል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከኋላዋ ቆሞ የዓሣውን አንጀት ይጠብቃል። የዓሣ ሾርባ አዘዝን። ልጁ ግን ሾርባውን ትቶ ውሃ ዳር የተንሳፈፈ ፕላስቲክ ይመለከታል።

«ይኼስ ከታቦር ነው የመጣው?»

አላውቅም አልኩት። ተነሥቶ ሄዶ አነሣውና ከነጠላዬ ውስጥ ጨመረው። አሥራ ሁለት ሆኑ።