የሊን ኤልፒ12 ሞላ ሲስተካከል፦ መጀመሪያ ሽቦውን ጠርጥሩ

የግላስጎው ሥራ የሆነው የሊን ኤልፒ12 ሸክላ ማጫወቻ ወደ ጎን መወላገድ ሲጀምር ሻጮች ቶሎ ብለው የሚያቀብሉት አዲስ ሞላ ነው። አዲሱ ሞላ ከገባም በኋላ ያው መወላገድ ሊቀጥል እንደሚችል ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይኛው ብረት ሦስት ቡሎኖች ይወርዳሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሞላ፣ ከሞላው በላይና በታች ጎሚኒ፣ ከሥር ሮንዴላና ዳዶ አለ። ሳህኑንና መርፌ ያለበትን ክንድ የተሸከመው ሻሲ እነዚህ ላይ ይንሳፈፋል። ጫን ተደርጎ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ መንጠር አለበት። ወደ ጎን ከሄደ ሳህኑን የሚያዞረው ችንጋ ይሳባል፣ ይላላል፤ ድምፁም ይዋዥቃል።

ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። በ1980ዎቹ የመጣው የቫልሃላ ቦርድ (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ቦርድ) ካለበት ካፓሲተሮቹ ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ ቶሎ እጅ አታስገቡ። ሁለቱን ሳህኖችና ችንጋውን አንሡ፤ የኩሽኔታውን ዘይት በሲሪንጅ ሳታወጡ አትገልብጡት።

ስድስቱንም ጎሚኒዎች ቀይሬያለሁ፤ ላስቲክ ይደርቃል። ሞላዎቹን ግን አልቀየርኩም። ካልዛገ ወይም ካልተጣመመ የብረት ሞላ እንዲህ በቀላሉ አያረጅም፤ «ሙሉ ኪት ካልገዛችሁ» የሚል ሻጭ ኪሳችሁን ነው የሚያየው። ይልቅ ቡሎኖቹን በስኳድራ ለኩ፤ ያዘመመ ቡሎን ላይ የተቀመጠ ሞላ አይቃናም።

ማስተካከሉ ማጫወቻው ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው። ሣጥኑን በጥጎቹ በእንጨት ደግፌ፣ በውሃ ልክ አስተካክዬ፣ ከሥር እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተውኩ። ሳህኑ፣ ችንጋው፣ ሸክላውና ክንዱ በቦታቸው ይሁኑ፤ ክንዱ አንዱን ጥግ ስለሚያከብደው ባዶውን ማስተካከል ከንቱ ነው። ክንዱ የተተከለበት ጣውላ ከላይኛው ብረት ጋር እስኪስተካከል፣ የዙሪያው ክፍተትም እኩል እስኪሆን ዳዶዎቹን በጥቂቱ አዙሩ። ዳዶ ሲዞር ሞላው አብሮ ስለሚዞር በሌላው እጅ ያዙት። ሞላ ጫፉ ፍጹም ዝርግ ስላልሆነ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ ራሱን ትንሽ ማዞር ብዙውን ጊዜ ያቃናዋል።

አብዛኛው መመሪያ በአንድ መስመር የሚያልፈው ሽቦውን ነው። ከክንዱ ሥር የሚወጣው የድምፅ ሽቦ ግትር ነው። ከተንሳፋፊው ሻሲ ተነሥቶ ከማይንቀሳቀሰው ሣጥን ጋር ሲታሰር አራተኛ ሞላ ይሆናል፤ ያውም ዳዶ የሌለው። ሦስቱን ዳዶዎች ቀኑን ሙሉ ብታሽከረክሩ ይህን አታሸንፉትም። ለመለየት ሣጥኑ ላይ ያለውን የሽቦ ማሰሪያ ፍቱና ሻሲውን አስነጥሩት። ቀጥ ብሎ ከነጠረ ሞላዎቹ ንጹሕ ናቸው።

እኔ ማሰሪያውን አላልቼ ሽቦው በራሱ ወዴት መተኛት እንደሚፈልግ አየሁ፤ በዚያው በኩል ልል ቅስት ሰጠሁት፣ ሞላም ሣጥንም ሳይነካ። ከዚያ በጣቴ ትንሽ ትንሽ እየጠመዘዝኩ፣ በየመሃሉ ሻሲውን እያስነጠርኩ፣ ሲቃና ቪቴውን አጠበቅኩ። የሚያበሳጨው እዚህ ነው፤ ቪቴው ሲጠብቅ ማሰሪያው አብሮ ይዞርና ሽቦውን መልሶ ይጠመዝዘዋል። በፒንሳ ይዛችሁ አጥብቁ።

ፋብሪካው ይህን ለሰለጠነ ሻጭ ተዉት ይላል። ትዕግሥት ካላችሁ አያስፈልግም እላለሁ፤ የቫልሃላ ቦርድ ጥገና ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የአምሐ ሪከርድስን ትንንሽ ሸክላዎች የምትሰበስቡ ደግሞ፣ የጥንቱ ኤልፒ12 በደቂቃ 33⅓ ዙር ብቻ ስለሚዞር ለባለ 45 ዙሮቹ ሳህኑን አንሥታችሁ የሞተሩ ፑሌጃ ላይ ማስተካከያ ቀለበት ማጥለቅ ግድ ነው። ሳህኑን ስትመልሱ ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱት፤ ከጎን ከተገፋ ሞላዎቹ ጎሚኒው ላይ ይንሸራተቱና ሥራው እንደገና ይጀመራል።