«ሳበው» ያልኩ ቀን

ከመገናኛ አራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ ጆሮዬ ሁሌ ረዳቱ ላይ ነው። («ወያላ» ፊት ለፊት አይባልም፤ ከወረዱ በኋላ ነው።) የታክሲ አማርኛ የራሱ ሰዋስው አለው። «አንድ ሰው የቀረው!» ከተባለ ቢያንስ ሦስት ወንበር ባዶ ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ደግሞ ትልቅ ብልሃት ነው፦ መጠጋት ያለበት አንድ ሰው ቢሆንም ትእዛዙ ለሁሉም ስለሆነ አንተ ልበል አንቱ ብሎ መጨነቅ የለም። ገንዘብ ላይ ሲደረስማ ግስ ጭራሽ ይጠፋል። «ሒሳብ!» አለቀ። «ጋቢና!» ሲባል ከሹፌሩ ጎን ያሉት እጃቸውን ኪስ ይከታሉ።

ከሁሉም የሚገርመኝ «ወራጅ አለ» ነው። የሚወርደው ራሱ ተናጋሪው ነው፤ የሚያወራው ግን ስለ ሌላ ሰው ይመስላል። «እኔ እዚህ ጋ ልወርድ ነበር» ያለ ሰው አጠገቡ ያለው ይሰማዋል እንጂ ታክሲው አይቆምለትም። ቦታው ላይ ከደረሱ በኋላ መጮህም ዋጋ የለውም፤ ሹፌሩ ጥግ እስኪይዝ ሰፈሩ ያልፋል። ቀደም ማለት ነው።

ባለፈው ቀበና ላይ አንዲት እናት ወረዱ። ረዳቱም የድንች ማዳበሪያቸውን ሊያወርድላቸው ተከትሎ ወረደ። እኔ በሩ ጋ ተቀምጬ ለጓደኛዬ ትምህርት እየሰጠሁ ነው። «ሹፌሩን ሂድ አይሉትም እኮ፤ ጋሪ ይመስል ‹ሳበው!› ነው የሚሉት» አልኩት። ‹ሳበው›ን ለማሳያ ጮክ አደረግኳት። ምሳሌው እንዲሟላ ደግሞ የመኪናውን ጎን ሁለቴ ደበደብኩ።

ሹፌሩ ሳበው።

ረዳቱ ማዳበሪያውን እንደታቀፈ በኋላ መስታወት እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። «ቁም! ሰው ቀርቷል! ኧረ ረዳቱ!» ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ ሙዚቃው ላይ ነው፤ ዞርም አላለ። ጓደኛዬ በሳቅ ሊሞት ነው።

ከኋላ ወንበር አንድ አባት ጋዜጣቸውን እንኳ ሳያጥፉ፣ ቀስ ብለው «ወራጅ አለ» አሉ።

ታክሲው ቀጥ አለ።

ረዳቱ እያለከለከ ደረሰ፤ ሸሚዙ በድንች አፈር ቡናማ ሆኗል። ማን እንዳደረገው አልጠየቀም፣ አልተሳደበም። በሩን ይዞ እኔን ብቻ አየኝና፣

«ሒሳብ!»

ሾላ ላይ ከፍዬ ነበር። ደግሜ ከፈልኩ።