ማንም ያልረገጠው ፍሬን

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ካለችው ሴንት ፖል የወጣነው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዎች፣ አንድ የመሣሪያ ሳጥን፣ በፔርሙዝ ሻይ፣ ጋሼ ከቤት ይዘውት የመጡት ድፎ ዳቦ፣ እና ሰማንያ ዓመት ያለፋት መኪና። የምንሄደው ሌክ ሲቲ ነው። ሚሲሲፒ ወንዝ ሰፍቶ ፔፒን ሐይቅ የሚባለውን በሚሠራበት ቦታ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ61 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደህና መኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። እኛን ግን ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። ያንን ቀን ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ፎርድ ጂፒኤ ትባላለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ወንዝ የሚሻገር ጂፕ ሲፈልግ ፎርድ በ1942 እና በ1943 የሠራት ናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። የተሠሩት 12,778 ናቸው። ከላይ ስታዩዋት ጀልባ፣ ከታች ጂፕ። ሞተሩ ያው የጂፑ 2.2 ሊትር፣ 60 የፈረስ ጉልበት። አራቱም ጎማዎች ይነዳሉ፣ ከኋላ ከሆዷ ሥር ደግሞ ፕሮፔለር አለ። ስትታሰብ 1,200 ኪሎ ገደማ እንድትመዝን ነበር፤ ተሠርታ ስትወጣ 1,600 ሆነች። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ዝቅ ብላ ነው የምትቀመጠው። ትንሽ ማዕበል ሲመጣ ውሃው ከጎን ዘልቆ ይገባል። አሜሪካኖቹ በባሕር ዳርቻ ብዙም አልተመቸቻቸውም፤ በእርዳታ የተላከላቸው ሶቪየቶች ግን ለወንዝ ወደዷት፣ እንደውም ከሷ ኮርጀው ጋዝ 46 የሚባለውን የራሳቸውን ሠሩ።

ውሃ ይገባል ያልኩትን ያዙልኝ። የዚህች መኪና በሽታ ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሳው።

ባለቤቱ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው። ተፈታታ በሳጥን ገዝቷት ሃያ ዓመት ሙሉ ሲገጣጥማት ኖሯል። እኔ የፍሬንና የሞተር ሰው ነኝ። መኪናዋ ኤሌክትሪኳ እንዳስቸገረው ሲነግረኝ ግን ወዲያው ትዝ ያሉኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ ነው ያረጁት። የለመዱት በድሮዎቹ ቮልሶች ነው፤ እነዚያ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠሩት 6 ቮልት ነበሩ። ጂፒኤም 6 ቮልት ናት። ስደውልላቸው «ስድስት ቮልት? ካየሁ ስንት ዘመኔ! መቼ ነው የምንሄደው?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ደስታ አሁንም እሰማዋለሁ።

መንገዱ መጀመሪያ ጥሩ ነበር። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር እየሄድን፣ ከኋላችን የተሰለፈውን መኪና ቦታ ስናገኝ እያሳለፍን፣ ሄስቲንግስ ላይ ወንዙን ተሻገርን። ከድልድዩ ስንወርድ ባልደረባዬ ፍሬን ሲይዝ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። «ወረደብኝ» አለ። ፔዳሉ ሁልጊዜ ከሚቆምበት አልፎ ሄዷል። ደግሞ ሲረግጠው ያዘ። ይሄ ነገር የሚያስፈራ ነው። የዚህች መኪና የእግር ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። አሁን እንዳሉት መኪናዎች ሁለት ተከፍሎ አንዱ ቢፈስ ሌላው የሚያዝበት አይደለም። አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ባዶ ነው። የቀረው የእጅ ፍሬን ነው፤ እሱም በጎማዎቹ ሳይሆን በካምቢዮው በኩል ነው የሚይዘው።

በቀስታ፣ በማርሽ እየያዝን ሬድ ዊንግ ገባንና አንድ የነዳጅ ማደያ ጥግ ላይ፣ ዛፍ ሥር ቆምን።

ክዳኑን ከፈትኩ። የፍሬን ዘይቱ ግማሽ ወርዷል። ቀለሙ ደግሞ ጠቁሯል፣ ደፍርሷል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይሄ ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚባለው፣ ውሃ ይስባል። ከአየሩ ሳይቀር ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ 205 ዲግሪ እስኪደርስ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ እግራችሁ ወለሉ ላይ ይቀራል። ይሄ በደረቅ መንገድ ለምትሄድ መኪና ነው። የፍሬን ማስተሯ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዕቃ) ከወለሉ ሥር፣ ሆዷ ውስጥ ውሃ በሚጠራቀምበት በኩል ለተቀመጠ መኪናማ በየዓመቱ ዘይት መቀየር ግድ ነው። ባልደረባዬን ስጠይቀው አራት ዓመት እንደሆነው ነገረኝ።

የጎማ ሲሊንደር (ጎማው ጋ ሆኖ በዘይቱ ግፊት የፍሬን ሸራውን የሚገፋው) ነው የፈሰሰው ብዬ ደመደምኩ። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነውና። ክሪክ አስገባሁ፣ የቀኝ ኋላውን ፈታሁ፣ ታምቡሩን (ሸራው የሚይዘውን ክብ ብረት) አወጣሁ። ደረቅ። ሸራው ንጹሕ፣ ጎሚኒው ደህና። የግራ ኋላውን ፈታሁ። ያም ደረቅ። አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። ሙቀቱ እየጨመረ ነው፣ እኔም መበሳጨት ጀምሬያለሁ።

ጋሼ በበኩላቸው ባትሪው ላይ ናቸው። ጠዋት ሞተር ስናስነሳ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እየቃተተ ነበር የዞረው። ባትሪው አዲስ ነው፣ ዲናሞውም ይሞላል። «ታዲያ መብራቱ የት ነው የሚሄደው?» እያሉ ለብቻቸው ሲያወሩ እሰማለሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ሄዱና ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ፍሬን የረገጠ ሰው አለ?»

«የለም ጋሼ፣ መኪናው ላይ ማንም የለም።»

«ታዲያ ይሄ መብራት ለምን ይበራል?»

ሄጄ አየሁ። የፍሬን መብራቱ በርቷል። ደብዘዝ ያለ ነው፣ በፀሐይ በደንብ ካላስተዋሉት አይታይም። ማንም ፔዳሉን አልነካም። ቁልፉም ጠፍቷል። የዚህች መኪና የፍሬን መብራት ቁልፍ ሳይዞርም የሚሠራ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አድሮ ይሆናል ማለት ነው።

ጋሼ ሽቦውን ከመብራቱ ጀምረው በጣታቸው እየዳሰሱ ተከተሉት። ፈጠን ያለ መካኒክ አምፖሉን ነው የሚቀይረው፣ ወይም ሽቦውን ቆርጦ አዲስ ይዘረጋል። እሳቸው ግን አንድም ነገር ሳይቆርጡ፣ እያንዳንዱን መገናኛ እያዩ፣ ወደ ፊት ሄዱ። ሽቦው የሾፌሩ እግር ሥር ገባ። «ወደዚህ ወርዷል፣ እኔ ጉልበቴ አያስገባኝም፣ ግባና እይልኝ» አሉኝ።

ገባሁ። በጀርባዬ ተኝቼ በባትሪ መብራት ሳይ ሽቦው የሚያልቀው የፍሬን ማስተሩ ላይ ነው። እዚያ ላይ የአውራ ጣት የምታክል ስዊች ተጠምዳለች። በዚያን ዘመን መኪናዎች የፍሬን መብራትን የሚያበራው ፔዳሉ ሳይሆን የዘይቱ ግፊት ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ግፊቱ ስዊቿ ውስጥ ያለችውን ስስ ሽፋን ይገፋል፣ ሽፋኗም ሁለቱን ብረቶች ታገናኛለች። ይህች ሽፋን ተቀድዳለች። በሽቦዎቹ መሃል ዘይት ይንጠባጠባል። በእጄ ነካሁት፤ የፍሬን ዘይት ነው።

እዚያው ተኝቼ ትንሽ ቆየሁ። እኔ ሁለት ጎማ ፈትቼ የፈለግኩት ፍሳሽ እዚህ ነው። ጋሼ የፈለጉት የኤሌክትሪክ ሌባም እዚሁ ነው። ዘይቱ በተቀደደው ሽፋን አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ፔዳሉ ይወርዳል። ያው ውሃ የጠጣ ዘይት ሁለቱን ብረቶች አርሶ ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፣ መብራቱ ይበራል፣ ባትሪው ይደክማል። እሳቸው ከሽቦው በኩል፣ እኔ ከቱቦው በኩል መጣን፣ አንድ ዕቃ ላይ ተገናኘን። ስነግራቸው ጋሼ በሁለት እጃቸው ጭንቅላቴን ይዘው ሳሙኝ።

ደግነቱ ስዊቿ ብርቅ አይደለችም። የምትጠመድበት የብሎን ጥርስ አሜሪካን ሀገር ለብዙ ዓመታት በብዙ መኪና ላይ የኖረ ነው፤ ባልደረባዬ በእግሩ ሄዶ መለዋወጫ መደብር አገኘና ይዞ ተመለሰ። ቀየርን። አሮጌውን ዘይት አውጥተን ጣልነው። አዲስ ዶት 4 ሞልተን አየሩን ማስወጣት ጀመርን፤ ከማስተሩ ከሚርቀው ከቀኝ ኋላ ተነስተን፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ መጨረሻ ግራ ፊት። ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 የሚመርጡ አሉ፣ ውሃ አይስብም ብለው። እውነት ነው አይስብም። ግን ለምትዋኝ መኪና እኔ አልመክርም። ውሃ በሌላ በኩል ከገባ ከዘይቱ ጋር ስለማይዋሃድ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል፣ ያንን ቦታ ያዝገዋል። በየዓመቱ ዶት 4 መቀየር ይሻላል፣ ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሌክ ሲቲ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ፍሬኑ ከላይ ነው የሚይዘው፣ ደስ ይላል። ሞተሪኖው ግን አሁንም ይቃትታል። ባትሪውን በቻርጀር ሞልተነውም ያው ነው።

ጋሼ እራት እንብላ ስንላቸው እምቢ አሉ። የቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርገው «አስነሳ» አሉኝ። 1.6 ቮልት አነበብን። በሁለቱ መሃል ምንም ሊኖር አይገባም፤ ሁለቱም አንድ ብረት ናቸው መባል አለባቸውና። ይሄ ማለት ከ6 ቮልቱ ከሩብ በላይ የሚሆነው ማሳው ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው በሚመለስበት መገናኛ ላይ፣ ይቀራል። 12 ቮልት መኪና እንዲህ ዓይነት ነገር ይችላል፣ እያነከሰም ይነሳል። 6 ቮልት ግን ለዚያው ሥራ እጥፍ አምፔር ስለሚስብ ትንሽ ዝገት ትበቃዋለች። «በ6 ቮልት ላይ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ማሳ አጽዳ፤ እኔ የቮልስ ባለቤቶችን ስንቱን ከኪሳራ ያዳንኩት በብርጭቆ ወረቀት ነው» አሉ።

የሞተሩን ማሳ ገመድ ፈታን። ባልደረባዬ መኪናዋን አሳምሮ ሲቀባ ገመዱ የሚታሰርበትንም ቦታ ቀብቶታል፤ በቀለሙ ጠርዝ ደግሞ ውሃ ገብቶ አዝጎታል። እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው፣ አሰርነው፣ ከላይ ግራሶ ቀባነው። የፊት መብራቶቹንም፣ የዲናሞውንም ማሳ እንዲሁ። ደግመን ስንለካ 0.1 ሆነ። ሞተሪኖው እንደዚያ ሲዞር ባለቤቱ ራሱ ሰምቶት አያውቅም። እሱን በደንብ አየሁት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሃያ ዓመት ነው።

እሁድ በማለዳ ውሃ ገባን። በማለዳ የሆነበት ምክንያት አለ። ፔፒን ሐይቅ ርዝመቱ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቀልድ አይደለም። በሐምሌ 1890 ሲ ዊንግ የምትባል የእንፋሎት ጀልባ እዚሁ ተገልብጣ 98 ሰው ሞቷል። ዝቅ ብላ ለምትዋኝ መኪና ነፋስ የሌለበት ሰዓት ብቻ ነው የሚሆናት። ከመግባታችን በፊት ሆዷ ላይ ያሉትን የውሃ መውጫ መድፈኛዎች ሦስታችንም በየተራ ነካን። ሚኒሶታ ውስጥ ጀልባ መንገድ ላይ ሲሆን መድፈኛው መውለቅ አለበት፣ ዜብራ ማስል የሚባለው ተባይ ከሐይቅ ሐይቅ እንዳይዛመት ሕጉ ያዛል። ስለዚህ ይህች መኪና ጎዳና ላይ ክፍት፣ ውሃ ላይ ዝግ ናት። አንዴ ከተረሳ አለቀ።

ሃያ ደቂቃ ዋኘን። ፍጥነቷ ሰው በእርጋታ ሲሮጥ ያህል ነው። ጋሼ አንድ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተው ዝም ብለው ነበር። እኔ ቤን ካርሊንን እያሰብኩ ነበር፤ አውስትራሊያዊው በ1950 በዚህችው ዓይነት መኪና ከካናዳ ተነስቶ አትላንቲክን ያቋረጠው፣ በ1958 ዓለምን ዞሮ የጨረሰው። እኔ ነዳጅ ማደያ ጥግ ላይ ተኝቼ ያገኘኋትን ዓይነት ብልሽት እሱ ውቅያኖስ መሃል ስንቴ ፈልጓት ይሆን?

ስንወጣ ባልደረባዬ ዳገቱ ላይ በአንደኛ ማርሽ ወጣ እንጂ ፍሬን አልያዘም። ታምቡሮቹ ውሃ ሞልተዋል፣ የረጠበ ሸራ አይዝም። ሜዳው ላይ ሲደርስ በቀስታ እየነዳ ፔዳሉን ቀለል አድርጎ ደጋግሞ ነካው፣ ሙቀቱ እስኪያደርቀው። አምስት ስድስት ጊዜ። ከዚያ አጥብቆ ሲረግጠው አራቱም እኩል ያዙ።

መድፈኛዎቹን አወጣን፣ ከሆዷ ትንሽ ውሃ ፈሰሰ። ጋሼ ከኋላ ሄደው መኪናዋ ጭራ ላይ ቆሙ።

«ርገጥ!»

ረገጠ።

«በራ! ልቀቅ!»

ለቀቀ።

«ጠፋ!» አሉ፤ እንደገና «ርገጥ!»