ቀዩን እርሳስ ያስቀመጥኩበት ወር

ባለፈው ወር ያካፈልኳችሁን ሰንጠረዥ ያተማችሁት ካላችሁ ቀድዳችሁ ጣሉት። እኔ የራሴን ከግድግዳው ላይ አውርጄዋለሁ።

አዲስ ለተቀላቀላችሁን፦ ፋርማሲስት ነኝ። ከአራት ወር ወዲህ ማታ ማታ የማጠናው ተፈጥሯዊው የሰውነት መከላከያ በማልቲፕል ስክለሮሲስ ያለውን ድርሻ ነው። በዚህ በሽታ መከላከያችን በገዛ አካላችን ላይ ዞሮ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነርቮችን የሚሸፍነውን ማይሊን ያጠቃል። ጠላትን ተምረው ስለሚለዩት የመከላከያ ሴሎች፣ ስለ ቲ እና ቢ ሴሎች፣ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሳበኝ ዘበኛው ነው፤ ሳይማር የሚያውቀው፣ ጠላትን በጥቅል ምልክቱ ለይቶ ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳው።

በሰንጠረዡ ላይ ብግነት የሚያባብሱትን ሞለኪውሎች በቀይ፣ የሚያበርዱትን በአረንጓዴ ቀልሜ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ወሩን ያሳለፍኩት የራሴን ቀለም ስፍቅ ነው።

መጀመሪያ የተበላሸው ኢንተርፌሮን ነው፤ የመከላከያ ሴሎች መልእክት የሚላላኩበት ፕሮቲን። ጠቅልዬ አረንጓዴ አድርጌው ነበር፤ ምክንያቱም ኢንተርፌሮን ቤታ በ1993 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። ኋላ ላይ በ1987 የታተመውን የኢንተርፌሮን ጋማ ሙከራ አነበብኩ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 18 ታማሚዎች ሰባቱ በሕክምናው ጊዜ በሽታው አገርሽቶባቸዋል። ሁለቱ በስም ይዛመዱ እንጂ የሚያንኳኩት በር የተለያየ ነው። ቤታን በተመለከተ ደግሞ በ2008 የታተመ የአይጥ ጥናት ደስ አሰኝቶኛል፦ የኢንተርፌሮን ቤታን መቀበያ፣ ማለትም መልእክቱ ወደ ሴሉ የሚገባበትን በር፣ ከማክሮፋጅና (ጀርምና ፍርስራሽ ከሚውጠው የዘበኛው ሴል) ከመሰሎቹ ሴሎች ላይ ብቻ ሲያጠፉት፣ በአይጦቹ ላይ የተቀሰቀሰው የአንጎል ብግነት ባሰ። ከቲ ሴሎች ላይ ሲያጠፉት ግን ያን ያህል ለውጥ አልመጣም። ልጓሙ ያለው ዘበኛው አፍ ላይ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ቲኤንኤፍ የተባለው ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን ነው፤ ከሁሉም ደማቁን ቀይ የቀባሁት። እንደ ፋርማሲስት ይህን ሞለኪውል የማውቀው የመገጣጠሚያ ብግነት ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚታገድ ጥፋተኛ ሆኖ ነው። በአይጦችም ቢሆን ሲታገድ በሽታው ይቀል ነበር። ስለዚህ ሌነርሴፕት የተባለ ማገጃ በ168 የማልቲፕል ስክለሮሲስ ታማሚዎች ላይ ተሞከረ፤ ውጤቱ በ1999 ሲታተም ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች አስመሳይ መድኃኒት ከወሰዱት ይልቅ ደጋግሞና ቶሎ አገርሽቶባቸው ተገኘ። ይህን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።

መልሱ የተገኘው መርዝ በመገቧቸው አይጦች ላይ ነው። ኩፕሪዞን የሚባል ነገር ከምግባቸው ጋር ሲሰጣቸው ማይሊናቸው ይራገፋል፤ ሲቋረጥ መልሶ ይበቅላል። ቲኤንኤፍ የሌላቸው አይጦች ግን መልሶ ማብቀሉ ዘገየባቸው። ሞለኪውሉ ሁለት መቀበያዎች አሉት፤ በአንደኛው ብግነት ይቀሰቅሳል፣ በሁለተኛው ማይሊን የሚሠሩት ሴሎች እንዲተኩ ያግዛል። ሌነርሴፕት አንዱን ከሌላው ሳይለይ ሁለቱንም ነጠቀ። ዛሬም ቲኤንኤፍ የሚያግዱ መድኃኒቶች ለማልቲፕል ስክለሮሲስ ታማሚ አይመከሩም። ይህን ማስጠንቀቂያ ለዓመታት ከመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ እያነበብኩ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ያሳፍራል።

ሦስተኛው ማይክሮግሊያ ነው፤ ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 ለይቶ ያሳየው የአንጎል ነዋሪ ዘበኛ። እነዚህ ሴሎች የወደቀ የማይሊን ፍርስራሽ ካልጠረጉ አዲሱ አይበቅልም። ጠረጋው ግን ቀላል አይደለም። ማይሊን አብዛኛው ቅባት ነው፤ በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በእርጅና ላይ ያሉ አይጦች ማይክሮግሊያ የዋጡትን ኮሌስትሮል ማስወጣት ሲያቅታቸው ኮሌስትሮሉ ውስጣቸው ወደ ክሪስታልነት ይለወጣል፤ ክሪስታሉም ኢንፍላማሶም የሚባለውን የብግነት ማንቂያ ይቀሰቅሳል። አጽጂው በጥራጊው ታነቀ።

እናቴ ማታ ፍሙን በአመድ ስትዳፍነው አስታውሳለሁ፤ ከላይ ሲያዩት ጠፍቷል፣ ጠዋት ሲገልጡት ረመጥ ነው። በአንዳንድ ታማሚዎች አንጎል ውስጥ ያሉ የቆዩ ቁስሎች እንዲሁ ናቸው። አዲስ ጥቃት ሳይታይ፣ ጠርዛቸው ላይ ብረት ያከማቹ ማይክሮግሊያና ማክሮፋጅ ተሰልፈው ቀስ በቀስ ይሰፋሉ፤ በልዩ የኤምአርአይ ዘዴም ጥቁር ቀለበት ሆነው ይታያሉ። በነዚህ ቁስሎች አካባቢ ከደም የሚመጡትን ሴሎች ማገድ ብዙ እንደማይጠቅም የገባኝ አሁን ነው።

ቶሌብሩቲኒብን ሳነብም ይኸው ሐሳብ አገዘኝ። ቢቲኬ የተባለውን ኢንዛይም የሚያግድ፣ ወደ አንጎል የሚገባ ክኒን ነው፤ ኢንዛይሙ ደግሞ በቢ ሴልም በማይክሮግሊያም ውስጥ አለ። በ2025 በታተሙት ሙከራዎች ማገርሸትን በመቀነስ ቴሪፍሉኖማይድ ከተባለው ከቀድሞው የዚህ በሽታ መድኃኒት አልበለጠም። ማገርሸቱ ቆሞ አካል ጉዳቱ በሚቀጥልባቸው ታማሚዎች ላይ ግን የጉዳቱ መባባስ ስጋት በ31 በመቶ ቀንሷል። ጉበት ላይ የሚያስከትለው አደጋ ቀላል ባለመሆኑ ግን በደስታ አልዘለልኩም።

አዲሱን ሰንጠረዥ በተራ እርሳስ ጀምሬዋለሁ። ማይክሮግሊያ የሚለው ሳጥን ደጋግሞ ከመፋቁ የተነሳ ወረቀቱ ሳስቷል። ቀጣዩ ንባቤ ትሬም 2 የተባለው የማይክሮግሊያ መቀበያ ነው፤ ከእናንተ መካከል ያጠናው ካለ ከየት ልጀምር?